ከአበልጄ ጋር እንዳልገናኝ የታዘዝኩባቸው ወራት

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2014

መጠጥ እንድተው ፍርድ ቤቱ የላከኝ ክላስ አስተማሪ ለእያንዳንዳችን ደብተር አደለን። «የተሰማችሁን ጻፉ፤ በየሳምንቱ አየዋለሁ» አለ። ያንን በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ። ዛሬ ደህና ነኝ። ዛሬ አልጠጣሁም። ለቤተሰቤ አመስጋኝ ነኝ። ሦስት መስመር ይበቃዋል። ይሄኛውን ግን ራሴ ነኝ የገዛሁት። አማርኛ ስለሆነ ልጄ ትህትና ብታገኘውም አታነበውም።

ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው። ባለቤቴ አረጋሽ ከሆስፒታል ሥራዋ እንደወጣች በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ አልሄድኩም። የተፈቀደልኝ ሥራ፣ ክላስ፣ የሽንት ምርመራና የእሑድ ቅዳሴ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። እግሬ ላይ ያሰሩልኝ፣ የት እንዳለሁ የሚያሳያቸው ጂፒኤስ በዓል አያውቅም።

አራት ዓመት ፕሮቤሽን፣ ከእስር ውጭ በቁጥጥር መኖር፣ ነው የተፈረደብኝ። የመጀመሪያው ስድስት ወር ከዚህ እግሬ ላይ ካለው ነገር ጋር። መጠጥ ክልክል። መንዳት ክልክል። ከእንዳልክ ጋር በአካልም፣ በስልክም፣ በደብዳቤም፣ በሦስተኛ ሰው በኩልም መገናኘት ክልክል። ይቺን የመጨረሻዋን ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

እንዳልክ አበልጄ ነው። ትህትናን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ኬንያ ካምፕ ሳለን ሦስት ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ አብረን ተኝተናል። አሁን ወረቀቱ ላይ ስሙ «ተጎጂው» ሆኗል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ላይ እደውላለሁ። የተቀዳ የሴት ድምፅ የቀኑን ቀለሞች ይዘረዝራል። የእኔ ግሬይ ነው። ግሬይ ከተባለ ከሥራ በኋላ በሁለት አውቶቡስ ሄጄ ሰው ቆሞ እያየኝ ዕቃ ውስጥ እሸናለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ዛሬ ብራውንና ግሪን። ተረፍኩ። ተረፍኩ ስል ደግሞ ምን ማለቴ ነው? አልጠጣሁም እኮ።

ኮሜርስ ሲቲ ያለው የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ድረስ ውድነህ ይወስደኛል። እዚያው ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ደግ። ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ አሥራ አራት ዓመት መኪናዬ አንድ ጭረት አልነካትም። አሁን በሰው መኪና ከጎን ተቀምጬ ቀይ መብራት ባየሁ ቁጥር እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

የፕሮቤሽን ኦፊሰሬ ሚስ ኦርቲዝ ሳትነግረን መጣች። ማንም ሳይጠይቃት ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ፍሪጁን ከፈተች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ከሲንኩ ሥር አየች። አረጋሽ አብራት እየዞረች «እዚህ ሽሮ ነው፤ እዚህ ምስር ነው» ትላታለች። አፈርኩ። ምንም አላገኘችም።

ስትወጣ «ከተጎጂዎች ክፍል የተላከልህ ደብዳቤ ደረሰህ?» አለችኝ።

«አይመስለኝም» አልኳት።

ደርሶኛል። ከኢንሹራንስ ወረቀቶቹ ሥር ነው ያለው። አንድ ገጽ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ነው።

ባለፈው ጥር ከሰርግ ስንመለስ ታወር ሮድ ላይ በረዶ ነበር። ይሄን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በረዶ ነበር። ፖሊሱ ራሱ ሪፖርቱ ላይ አስፍሮታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። እኔን አላዩኝም።

«ንዳ ያለው እንዳልክ ነው አሉ።»

«ራሱ ነው እንጂ! የነዳው ምስኪን ምን ያድርግ? አሁን ወንጀለኛ የሆነው እሱ ነው።»

ዞር ብዬ ላስተካክላቸው ፈልጌ ነበር። ትኩስ ሻይ ይዤ ስለነበር አልተመቸኝም።

እንዳልክ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው በሁለተኛው ቅዳሴ ነው፤ እንዳንገናኝ ሰዓት ተከፍሎልናል። ባለቤቱ ሔለን አረጋሽን መንገድ ላይ ብታያትም ሰላም አትላትም። አረጋሽ ደግሞ «እኔ ነኝ መኮረፍ ያለብኝ» ትላለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ጋሽ ኃይሌ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠሩኝ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እዚህ ከተማ ከእሳቸው በፊት የመጣ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስትም ጥቂት ነው።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትኖሩት?» አሉኝ።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ሕጉ ከልክሎኛል። ሰው እንኳ እንዳልልክበት።»

«አንተ አልላክህም። እኔ ነኝ በራሴ የተነሳሁት። የሚመጣው እሑድ ቤቴ ና። እሱን እኔ አስመጣዋለሁ። ጉልበቱን ስመህ ይቅር ይልሃል። በቃ።»

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«ምን ንግግር ያስፈልጋል? እርቅ አይደል እንዴ!»

ይሄ አባባላቸው እንዴት እንዳሳረፈኝ።

ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ነው የሌለው። ጉልበቱ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ይሄንን እያሰብኩ መውረጃዬን አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

አረጋሽ ሰማች። «ለምንድን ነው አንተ የምትለምነው? ንዳ ያለህ እሱ! በዚያ ላይ ቢይዙህስ?»

«ይቅርታ መጠየቅ ሰውን አያሳንስም» አልኳት። ደግ ሰው መሰልኩ። እሷም ደግ ሰው መሰልኳት፤ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሄድኩ።

ከቅዳሴ እንደወጣሁ በጋሽ ኃይሌ መኪና ወደ ቤታቸው፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሄድን። ታወር ሮድን ሲይዙ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳሎናቸው ወንበር ተደርድሯል። ለእንዳልክ እጀታ ያለው ወንበር ለብቻው አዘጋጅተውለታል። ያንን ወንበር እያየን ተቀመጥን። አንድ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ሔለን ደወለች። ጋሽ ኃይሌ ጆሯቸው ስለማይሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ ነው የሚያደርጉት።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እንዳልክ ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። በሕጉ በኩል፣ ሰው ባለበት ላግኘው ብሎ ከጠየቀ አምስት ወር ሆኖታል። መልስ የከለከለው እርስዎ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። አሁን የሚሰማኝ ከሆነም ይስማኝ።»

ዘጋችው። ጋሽ ኃይሌ ዞረው አዩኝ።

«ምን ጥያቄ ነው የምትለው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

መኪናቸውን አስነስተው ቤቴ አደረሱኝ። ስወርድ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አልመረቁኝም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ከሚስ ኦርቲዝ ቴክስት። «ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቢሮ።» ሌላ ቃል የለውም። ዛሬ ዕቃ የተጫነበት ፓሌት ስደረድር ሁለቱን ጣልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። ካርታ ነው። እኔ ሰማያዊ ነጥብ ነኝ። ነጥቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ይነሳል፣ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ አንድ ቤት ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቆማል።

ስለ ሽምግልና አስረዳኋት። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው መሀል ሲገባ እምቢ እንደማይባል፣ የእኛ እርቅ ከፍርድ ቤት እንደሚበልጥ፣ እነሱ ሊገባቸው እንደማይችል። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣች። ያው ደብዳቤ ነው፤ ቅጂው እሷ ጋ ነበር።

«ከሜይ ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ ልታገኘው ትችል ነበር። የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ያንተ ሥራ መፈረም ብቻ ነበር።»

«እንግሊዝኛው…»

«ሚስተር አባይነህ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ባህል በእንግሊዝኛ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»



ለዳኛዋ ሪፖርት ማድረግ ግዴታዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ፕሮቤሽኑ እንዲሰረዝ ሳይሆን ሁለት ቀን እንድታሰር ነው የምትጠይቀው። ልወጣ ስል «የቱን ነው የምትፈራው? እስሩን ነው ወይስ እንዳልክን?» አለችኝ።

«እስሩን» አልኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ቅዳሜና እሑድ ታስሬ ወጣሁ። አብሮኝ የነበረው ሰውዬ ሁለቱንም ቀን ተኛ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እስከዛሬ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

አረጋሽ መጥታ ስትወስደኝ ትህትና ከኋላ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስለ ደብዳቤው ሁሉን ሰምታለች።

«ዳድ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ሳይን ኢት?» ለምን ዝም ብለህ አልፈረምክም ማለቷ ነው።

«ነገሩ ውስብስብ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ኢትስ ኖት። ሂ ዋንትስ ቱ ቶክ ቱ ዩ። አባ እንዳልክ እኮ ነው።» ውስብስብ አይደለም፣ ሊያናግርህ ይፈልጋል ነው የምትለኝ።

እሱን «አባ እንዳልክ» እያለች ነው ያደገችው። ለእሱ ስትል ብቻ ነው አማርኛ የምትናገረው።

ሚስ ኦርቲዝ ጋ ሄጄ ፈረምኩ። ሰዓቱ ጠቦኝ ስለነበር ሳላስብ ነው የፈረምኩት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዌርሃውሱ በሩ ሲከፈት ዓይን ውስጥ ያለው እንባ ይደርቃል። ሥራ በጊዜ ተለቀቀ።

ከእንዳልክ ጋር ከምንገናኝበት ስብሰባ በፊት ሁለት ጊዜ አገናኟ ሴትዮ ጋ መቅረብ አለብኝ። እሷ ናት መሀላችን የምትቀመጠው። ዛሬ የመጀመሪያው ነበር። «ያንን ምሽት ከሰርጉ አዳራሽ በር ጀምረህ ንገረኝ» አለችኝ። ከበረዶው ጀምሬ ነገርኳት። «ከበሩ ጀምር» አለች። ከመንገዱ ጀመርኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለሚቀጥለው ከበሩ መጀመር ካልቻልክ፣ እሱን እዚያ ክፍል ውስጥ አላስገባውም። ዳግም እንዲጎዳ አልፈቅድም» አለችኝ።

ዳግም።

እሺ። እዚህ እጽፈዋለሁ። ማንም አያነበውም።

በሩ ላይ ሳይሆን መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ቁልፌን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው። «ታክሲ ጠርቻለሁ» አለ። እየሳቀ ነበር፤ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት ብያለሁ ለሁሉም ሰው። ሁለት አልነበረም። ኮሌታውን ያዝኩት። «እኔ ስፖንሰር ባልሆንልህ እስካሁን ድንኳን ውስጥ ነበርክ። የእኔን ቁልፍ የምትይዘው አንተ ማን ነህ?» አልኩት።

መሳቁን አቆመ። ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ኮሌታውን አስተካከለ። እኔ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ልሄድ ስል የጎኑ በር ተከፈተ፤ ገብቶ ተቀመጠ።

«ብቻህን አትሄድም» አለ።

ሆስፒታል አረጋሽ እየሮጠች መጥታ «ለምን ነዳህ?» ስትለኝ ከአፌ የወጣው «እንዳልክ ንዳ አለኝ» ነው። እሱ ያኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። አስቤ አልዋሸሁም። ወጣ፤ ከዚያ መመለሻ አጣሁ። እሷ ለእህቷ ነገረች። እህቷ ለሌላ ሰው። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሰው ሁሉ ያዝንልኝ ነበር። ማዘናቸው ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ግሬይ። ሄድኩ። ንጹሕ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

የታንክስጊቪንግ በዓል። ዌርሃውሱ ግማሽ ቀን ሠራ። ውድነህ ስለሌለ በአውቶቡስ ተመለስኩ። የምቀይርበት ፌርማታ ፊት ለፊት መጠጥ ቤት አለ፤ መስኮቱ ላይ ቀይ መብራት። አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ሦስተኛው ሲመጣ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አለኝ። ወጣሁ። ተሳፍሬ መጠጥ ቤቱ በማይታይበት በኩል ተቀመጥኩ።

ትናንት ለአገናኟ ከበሩ ጀምሬ ነገርኳት። ይሄን ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። ሰምታ ቀን ቆረጠችልን። ዲሴምበር 9።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

በሩ ሲከፈት ልነሳ አልነሳ ሳመነታ ገባ። በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ ነው የሚራመደው። ከስቷል። ጢሙ ሸብቷል። ሔለን ከኋላው ገብታ ወንበሩን አመቻችታለት ወጣች፤ እኔን አላየችኝም። አገናኟ በመሀል። አማርኛ እንድናወራ አስተርጓሚ በስልክ ተደርጓል፤ የማናውቀው ሰውዬ ነው፤ ከሌላ ስቴት።

እንዳልክ ቀድሞ ተናገረ። «አበልጄ ስለሆነ ነው የመጣሁት» አለ።

አስተርጓሚው ቆም አለ። «ፍሬንድ»፣ ጓደኛ ብሎ ተረጎመው። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ቀና አልን። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ቀድሞ ዞር አለ።

ስለ እግሩ እንዲጠይቀኝ ጠብቄ ነበር። ሌሊት ሌሊት የተለማመድኩት እሱን ነው። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦

«ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቼ አረጋሽ አንድ ቀን አልመጣችም። ልጄን ትህትናን አላመጣችልኝም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያየኝ ይንሾካሾካል። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ለአረጋሽ ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

የቀረበልኝ ውኃ ፊቴ ነበር። ብርጭቆውን ሳላነሳ ነገርኩት። ያልኳትን ነገርኩት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የት ቆሜ እንደነበር ሳይቀር።

ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አስተርጓሚው «ሄሎ? አላችሁ?» አለ።

«ድንኳን ያልከኝንስ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«እግሬ የመኪና አደጋ ነው። እሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ይሄኛውን ግን በየቀኑ ነው የምትሠራብኝ። ሰው ባየኝ ቁጥር ነው የምትሠራብኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ንገራት። ሁለቱንም።»

ተነስቼ ወደ እሱ ሄድኩ፤ ጉልበቱን ልስም።

«ተቀመጥ» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

ትናንት አልነገርኳትም። ደክሟት ነበር።

ዛሬም ደክሟታል። ነገርኳት።

ትህትና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፤ ዝቅ አድርጌ ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ስጨርስ አረጋሽ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳውን እያየች ነበር።

«እኔ እኮ ሔለንን ሰው ፊት…» አለች። አልጨረሰችውም። «እንዳልክ እግሩ ተቆርጦ፣ እኔ እሱን ረግሜዋለሁ። ጸሎት ላይ ቆሜ ረግሜዋለሁ፣ አባይነህ!»

ተነስታ ወደ ትህትና ክፍል ገባች። ሁለቱም በሩን ዘግተው ቆዩ። ስታለቅስ የምትሰማው አረጋሽ ትሁን ትህትና መለየት አቃተኝ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ኃይሌ ጋ ራሴ ሄድኩ። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አጣፉ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «ምን እንደተደረገ ሳልጠይቅ ላስታርቅ ነበር። አርባ ዓመት እንዲህ ሳደርግ ስንቱን አድበስብሼ አልፌው ይሆን?» ከዚያ ቀና ብለው «ያ ወሬ ግን እንዲሁ አይቀርም። የተወራው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው ነው። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ» አሉኝ።

ተናገርኩ። ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት፣ ማይክ ሳይኖር። ሰው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ አልወጣኝም። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ነበሩ። አንደኛዋ ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ውድነህ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

አረጋሽ አብራኝ አልነበረችም። ከቅዳሴ እንደወጣች መኪናዋን ይዛ እንዳልክ ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ፊቷ አብጧል። ሔለን አላስገባቻትም። «በሩ ላይ ቆሜ የምለውን አልኳት። ሰምታኝ ዘጋችው» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁንማ እንደገና እሄዳለሁ።»

አራተኛ ቀኗ ነው ከትህትና ጋር ስትተኛ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

ሚስ ኦርቲዝ ደወለች። እንዳልክ ትእዛዙ እንዲነሳ ለዳኛዋ አመልክቷል። ጉዳዩ በጃንዋሪ ይታያል። «እስከዚያ አትደውልለት፤ ሰው አትላክበት። ገብቶሃል?» አለች።

«ገብቶኛል።»

«ከተነሳ በኋላም መቼ እንደሚያገኝህ የሚወስነው እሱ ነው። ምናልባት ላይፈልግ ይችላል።»

«አውቃለሁ» አልኳት። በእርግጥ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

ዛሬ ሔለን በሩን ከፈተችላቸው። አረጋሽና ትህትና አብረው ሄደው ነበር። ሦስት ሰዓት ቆዩ። እኔ ከመስኮቱ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት። ሥራ ፈትቼ የልብስ ቁም ሣጥኑን አራግፌ ልብሱን መልሼ አጠፍኩት።

ሲገቡ ትህትና ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን ትስቃለች። በአማርኛ «ከዘራውን ሰጠኝና በእሱ ልራመድ ሞከርኩ፣ ወደቅኩ» አለችኝና ወደ ላይ ሮጠች። ዳድ አላለችኝም፤ አባቢም አላለችኝም። ግን ነገረችኝ።

አረጋሽ ኮቷን እየሰቀለች ነበር።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስለ ምን?»

«ስለ… ስለ እኔ።»

ትንሽ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ነው የነበረባት።

«ስለ አንተ አላወራንም» አለች።

ኩሽና ገብታ ሽንኩርት አወጣች። ተከትያት ገባሁ። ቢላ ሳልጠይቃት ወሰድኩና አጠገቧ ቆሜ መላጥ ጀመርኩ። ውጣ አላለችኝም።